ሠዓሊና መምህር እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003)

ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ በቀዳሚነት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። በውጭው ዓለም «ስኩንደር» በሚል አጠራር ይታወቃል። የሥራ ዘመኑን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፈው ከአገሩ ርቆ በማስተማር ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱንና ሥራውን በአጭሩ እንቃኛለን።

ትውልድና ትምህርት

እስክንድር እ.ኤ.አ በ1937 በአዲስ አበባ ተወለደ። የአባቱ የዘር ሐረግ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ አርመኖች ይመዘዛል፤ አባቱ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ኮሎኔል ነበሩ። እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማረ። በ1955 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ለንደን ሄደ፤ ከዚያም ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ ሥዕሉ የኒውዮርክ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገባ።

የአሣሣሉ መንገድ

አውሮፓ ቢማርም ቅርጽና ምልክት የቀዳው ከአገሩ ብራናና ከክታብ ጠልሰም ነው። በኋላም ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሣለ። በዚያው ዘመን ሱዳናዊው ሠዓሊ ኢብራሂም አል-ሰላሒ የዐረብኛ ፊደልን ወደ ዘመናዊ ሥዕል አምጥቷል። ሁለቱንም የምናነጻጽራቸው ለአዲስ ሥራ መነሻ የሚሆነው ቅርስ በእጃችን እንዳለ ስላሳዩ ነው።

መምህርነትና ስደት

በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ በአለ ፈለገ ሰላም በተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማረ። በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀበለ። በ1970 ወደ አሜሪካ አቀና፤ ከዚያም ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ አስተማረ።

ሃዋርድ ከአገር ለወጡ ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን መሰባሰቢያ ሆነ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ እዚያ ተምሯል። በሶማሊያ እስር ቤት ዓመታት የገፋችው ከበደች ተክለአብም እዚያው ተመርቃለች። በ2001 እስክንድርና ከበደች በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ የሚታየውን «ኔክሰስ» የተሰኘ የአሉሚኒየም ሥራ በጋራ አበረከቱ።

ቅርሱ

እስክንድር በግንቦት 2003 በዋሽንግተን አረፈ። ታላላቅ ሥራዎቹ ብዙዎቹ በውጭ አገር ሙዚየሞች ይገኛሉ፤ የአዲስ አበባ ተማሪ በአብዛኛው የሚያውቃቸው በፎቶግራፍ ነው። ወደ አገር በቅርበት የደረሰው ውርስ በተማሪዎቹ እጅ ያለው ነው። ለዚህም ነው ሠዓሊነቱን ስናነሣ መምህርነቱን አብረን የምናነሣው።