የኔታ ጆሮና የአሜሪካኖቹ ሰዓት

አሜሪካ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ስለ ኳርተርባክ ምርጫ ስትከራከሩ አያለሁ። በዚህ ነገር የጋይንት ሰውም የሚለው አለው።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ በአሜሪካኖቹ ፉትቦል ኳርተርባክ ማለት ኳሷን ተቀብሎ፣ ግዙፎቹ ተከላካዮች ሳይደርሱበት ለማን እንደሚወረውር በሁለት ሦስት ሰከንድ የሚወስነው ልጅ ነው። ክለቦች ከኮሌጅ ተራ ገብተው ይመርጣሉ። ከምርጫው በፊት ልጆቹን ኢንዲያናፖሊስ ሰብስበው ቁመታቸውን፣ መዳፋቸውን ሳይቀር ይለካሉ፤ 40 ያርድ ያስሮጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቶም ብሬዲ ያችን ሩጫ በ5.28 ሰከንድ ጨረሰ። ቀርፋፋ! ስድስት ኳርተርባኮች ተቀደሙለት፣ እሱ በ199ኛ ተራ ተወሰደ። በኋላ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ2ኛ ተራ የተመረጠው ራያን ሊፍ ግን በአራት ዓመት ገደማ ከጨዋታው ወጣ። ያን ሁሉ ገንዘብና ያን ሁሉ ቪዲዮ ይዘው እኮ ነው!

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓን የትም ተማረው የትም፣ «አስመሰከረ» የሚባለው ቤተልሔም ወርዶ ነው። ዙር አምባ፣ እሷም ጋይንት ናት፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። እስቴ ደግሞ ቆማ የሚባለው የዜማ ስልት አላት። አገር ምድሩ የሚያምናቸው መዛኞች ጉና ሥር ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ነው።

የኔታ ሰዓት አይዙም። ተማሪው ድጓውን ዘርግቶ ከዮሐንስ ጀምሮ አስተምህሮውን፣ ፋሲካውን ያዜማል፤ እሳቸው መጽሐፍ ሳያዩ በጆሯቸው ያርማሉ። ያች ከቃሉ በላይ የምትጻፈው ምልክት (ሊቃውንቱ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሯት ይላሉ) አንዷ ብትዘለል ይሰሟታል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኢንዲያናፖሊስ የሚለካው ከሥራው አጠገብ ያለውን ነው፤ ኳርተርባክ በጨዋታ መሀል 40 ያርድ በቀጥታ የሚሮጠው ከስንት አንዴ ነው። ቤተልሔም ፈተናው ራሱ ሥራው ነው። ልጁ ነገ ማኅሌት ቆሞ የሚያዜመውን ዛሬ እዚያው ያዜማል። በዚያ ላይ ለዓመታት ጎጆው አጠገባቸው ነው። ሲርበው፣ ውሻ ሲያባርረው፣ ባልንጀራው ሲቀድመው ምን እንደሚሆን ያዩታል።

ግን አናጋን። ምስክር ያገኘ ሰው ድጓ ማወቁ ተረጋገጠ እንጂ፣ ወንበር ተክሎ ተማሪ ማፍራቱን የኔታም አያውቁም። ያ የሚታየው ጉባኤ ሲዘረጋ ነው። ከሁሉ የሚከነክነኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ስንቱ ጥሩ ጆሮ ያለው ልጅ በዜማ ሳይሆን በረሃብና በተስቦ ወደቀ? ደበሎ ለብሶ ቁራሽ መለመን ያልቻለ ልጅ የኔታ ፊት ሳይደርስ ነው የተመዘነው። ይሄ ምርጫ አይባልም።

አንድ ነገር ግን ለባህሉ እመሰክራለሁ፦ ለዘገየ ልጅ በሩ አይዘጋም ነበር። ያለበለዚያማ ድጓ ራሱ የት ይገኝ ነበር? ቅዱስ ያሬድ በትውፊቱ ትምህርት እንቢ ብሎት ከመምህሩ ከጌዴዎን ዱላ የሸሸ ልጅ ነው። ትሏ ዛፉን እየወደቀች በሰባተኛው ስትወጣ አይቶ ባይመለስ ኖሮ፣ የአክሱም መዛኞች 199ኛም አያደርጉት!

ከእናንተ መካከል ቤተልሔም፣ ዙር አምባ ወይም ቆማ የተማረ አባት ወይም አያት ያለው ካለ፣ ለማስመስከር ስንት ዓመት እንደፈጀበት ይጻፍልኝ። የስማዳ ልጆች፣ እናንተን ነው በተለይ።