በአዋሽ ዳር የተተከሉ ድንኳኖች

በኢትዮጵያ የሰው ዘር አመጣጥ ጥናት ታሪክ ዘወትር የሚተረከው በተገኙት አጽሞች ስም ሲሆን፣ አጽሞቹ የተለቀሙበት የመስክ ሰፈር፣ ማለትም ተመራማሪዎች ከከተማ ርቀው ድንኳን ተክለው ለሳምንታትና ለወራት የሚኖሩበት ጊዜያዊ መንደር፣ ከትረካው ጠርዝ ላይ ይቀራል። ይህ አይገባውም፤ ሰፈሩ ለብዙ ወጣቶች ትምህርት ቤት ነበርና።

ፈረንሳዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ሞሪስ ታይብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአፋርን ዝቅተኛ ምድር ከቃኘ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በሐዳር፣ ዓለም አቀፍ ቡድን በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ አዋሽ ዳር ሰፈረ። ወቅቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ የክረምቱ ዝናብ ተዳፋቱን ሸርሽሮ ቅሪተ አካልን፣ ማለትም በዘመናት ብዛት ወደ ድንጋይነት የተለወጠን አጥንት፣ ወደ ላይ ካወጣው በኋላ ሙቀቱም በረድ ስለሚል ነው። ይሁን እንጂ ያው ዝናብ በዚያ ዓመት ሳይታይ የቀረውን አጥንት በሚቀጥለው ክረምት ሰባብሮ ጠርጎ ሊወስደው ስለሚችል፣ ቅኝት የሚባለው ሥራ፣ ማለትም ዓይንን ከመሬት ሳይነቅሉ በታጠበው ተዳፋት ላይ በዝግታ መመላለስ፣ ከጊዜ ጋር የሚደረግ ሽቅድድም ነበር። አጥንትን ከተራ ጠጠር የሚለይ ዓይን ደግሞ ከመጽሐፍ አይገኝም።

ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን በወረዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ መንግሥትን ወክሎ በሰፈሩ የነበረው ዓለማየሁ አስፋው የጥንታዊ ሰው መሰል ፍጡራን መንጋጋዎችን አገኘ። ስሙ ከዚህ የበለጠ ሊነሣ ይገባል፤ ምክንያቱም ኅዳር 15 ቀን ዶናልድ ጆሃንሰንና ወጣቱ ተመራማሪ ተማሪ ቶም ግሬይ ያገኟት፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትና ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ የተሰበሰበው ድንቅነሽ የዓለምን ዓይን ሁሉ ስለሳበች የእርሱ ግኝት ተሸፍኗል። በ1968 ዓ.ም. አንድ የሕክምና ተማሪ ከተዳፋት ላይ ጥርሶች አየ፤ ከዚያ ስፍራም ቢያንስ የ13 ግለሰቦች የሆኑ ከ200 በላይ ስብርባሪዎች ወጡ።

ከ1974 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት የመስክ ምርምሩን ለዓመታት አገደ። ሥራው ሲመለስ ግን ኢትዮጵያውያን በራሳቸው ሙያ ቦታቸውን ይዘው ነበር። በ1987 ዓ.ም. ያኔ ተማሪ የነበረው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ በተባለው ስፍራ፣ ሁለት የመዳፍ አጥንት ስብርባሪዎችን አገኘ፤ ቡድኑም በዚያው ቦታ እየቆፈረ፣ አፈሩንም በወንፊት እያበጠረ፣ ከ4.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረችውን የአርዲን አጽም ለማውጣት በቃ፤ አጥንቶቿ ሲነኩ የሚፈረፈሩ ስለነበሩም ከነአፈራቸው በጀሶ ተሸፍነው ወደ አዲስ አበባ ሙዚየም ተጓዙ።