ጠመንጃው ወይስ ጥይቱ?

እኛ የከሚሴ አካባቢ ልጆች ስንሰባሰብ ወጋችን ጠመንጃ ላይ ማረፉ አይቀርም። የማን አያት ምንሽር ነበረው፣ የማን አያት ውጅግራ ይዞ ቀረ እየተባባልን እንሳሳቃለን። የታሪክ ትምህርት ከጀመርን ወዲህ ግን ክርክራችን ከመነሻው የተሳሳተ መሰለን። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው የሚመርጠው ጠመንጃውን ሳይሆን ጥይቱን ነበርና።

ውጅግራን እንውሰድ። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ አንድ አንድ ጥይት እየጎረሰ የሚተኩስ፣ ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የመጣ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጦር ጭስ አልባ ባሩድ ወደሚጠቀመው ሌበል ሲዞር አሮጌው ሸቀጥ ሆኖ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደኛ ጎረፈ። ባለቅኔው ራምቦ እንኳ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2,000 የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ ከታጁራ አስጭኖ በአፋር በረሃ አቋርጦ ለምኒልክ ሊሸጥ ሸዋ ገብቷል። (አተርፋለሁ ብሎ መጥቶ እያማረረ ነው የተመለሰው፤ ይኼ ሌላ ወግ ነው።)

ውጅግራ ዘገምተኛ ነው፤ ጭሱም ተኳሹን ያሳብቅበታል። ታዲያ ለምን ተወደደ? ጥይቱ ስለሚገኝ ነዋ! እንዲያውም እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ እስከመሆን ደርሶ ነበር። ቀለሁ ናስ ስለሆነ አይጣልም፣ እንደገና ይሞላል። ምንሽር አምስት ይጎርሳል፤ ነገር ግን የራሱን ጥይትና ጥይቱን አቅፎ የሚይዘውን ቆርቆሮ ይፈልጋል። ያ ቆርቆሮ ከጠፋ አምስት መጉረሱ ቀረ።

አያያዙስ? ጥቁር ባሩድ ቱቦው ውስጥ የሚተወው ጥላሸት እርጥበት ይስባል። ጨፋ ረግረግ ዳር ደግሞ እርጥበት ሞልቷል። የአባታቸውን ውጅግራ የወረሱ አንድ የጨፋ ሽማግሌ «መጀመሪያ የፈላ ውሃ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ቅቤ ነው ልጆቼ» አሉን። ውሃ ያዝጋል ብለን ስንከራከር ሳቁብን። ለካስ ጥላሸቱን የሚያሟሟው ውሃው ነው! ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው «ለልጆቹ ያልተረፈ ቅቤ ለሱ ይተርፍ ነበር» አሉ። የታሪክ መጻሕፍት ጠመንጃውን ሲቆጥሩ ይህን ቅቤ የናጠችውን ሴት አይቆጥሩም።

ያን ውጅግራ ሽማግሌው በ1977ቱ ረሃብ እህል ሊገዙበት ባቲ ገበያ አወጡት። ጥይቱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ገዢ የተገኘለት በብረት ዋጋ ነው። ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሁሉ ቅቤ!

አገርም ከዚህ ዕጣ አላመለጠችም። በ1928ቱ ወረራ ዋዜማ ኃያላኑ መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲከለክሉ፣ ክልከላው የጎዳው የራሷ ፋብሪካ ያላትን ኢጣሊያን ሳይሆን ጥይት ከውጭ የምትጠብቀውን ኢትዮጵያን ነበር።

በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲፈርስ ክላሹ ከነጥይቱ በየገጠሩ ተበተነ። በ2012 ዓ.ም. መሣሪያን በፈቃድ የሚያስይዝ አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። ዓመት አልፎ በ2013 አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 ጦርነቱ ከሚሴ ገባ። በዚያ ሰሞን የኛው እኩያ የሆነ የሰፈሩ ልጅ ከብት ሸጦ መሣሪያ ሊገዛ ተነስቶ፣ ምን ዓይነት ይሻላል ብሎ ሽማግሌውን ጠይቋቸው ነበር።

«ጥይቱን ማን ያመጣልሃል?» አሉት።

ልጁ የሚያመጡለትን ሰዎች ስም ጠራ።

«እንግዲያው ጠመንጃው የነሱ ነው፤ አንተ ተሸካሚ ነህ» አሉና ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ።