የኮምፒዩተርን በር መሰወር ጥበቃን ያጠነክራልን?

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው። በኮምፒዩተር መረብ ጥበቃ ላይ ከተሰማሩት አንዳንዶቹም ይህንኑ የሚመስል ትምህርት ሲያስተምሩ ቆይተዋል፤ ይኸውም ከውጭ ለሚመጣ ጥያቄ ምንም መልስ የማይሰጥ ኮምፒዩተር መልስ ከሚሰጠው ይልቅ የተጠበቀ ነው የሚል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የአሳቡን ታሪክ ተከትለን እውነትነቱን እንመረምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1981 ዓ.ም. በጆን ፖስቴል አዘጋጅነት የወጣው ቲሲፒ የተባለው የመገናኛ ደንብ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር በቍጥር የሚለዩ ከ65 ሺሕ የሚበልጡ በሮች ይሰጠዋል፤ እነዚህም ፖርት ይባላሉ። እንግዳ መጥቶ አንዱን በር ሲያንኳኳ፥ ከበሩ ጀርባ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ካለ ይቀበለዋል፤ ከሌለም ኮምፒዩተሩ «እዚህ ማንም የለም» የሚል መልስ ወዲያው ይሰጣል። ይህ በመረብ ላይ እንደ መልካም ጠባይ የሚቈጠር ነበር።

በሴፕቴምበር 1997 ኤንማፕ የተባለው መሣሪያ ሲወጣ ግን አንድ ሰው የብዙ ኮምፒዩተሮችን በሮች እየዞረ ማንኳኳት ቀለለው። በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ አሜሪካዊው ስቲቭ ጊብሰን ባቋቋመው የመመርመሪያ ገጽ ላይ በሮች በሦስት ተከፈሉ፤ ክፍት፥ ዝግና ስውር። ስውር የተባለው ፋየርዎሉ ጥያቄውን ሳይመልስ የሚጥለው ነው። ከዚህ በኋላ ተራው ባለኮምፒዩተር በርህ ዝግ ነው ሲሉት ይደነግጥ ዠመር፤ ይህ በኛ አስተያየት የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው፤ ጀርባው ባዶ በሆነ በር የሚገባ የለምና።

ደግሞስ ዝምታው ይሰውራልን? በዚያው በ1981 ዓ.ም. በወጣው ሌላ ደንብ መሠረት፥ ተፈላጊው ኮምፒዩተር ከሌለ «ሊደረስበት አልተቻለም» ብሎ የሚመልሰው ከፊቱ ያለው ራውተር ነው። ራውተሩ ይህን በሚያደርግበት መረብ ላይ ፍጹም ዝምታ ሲያጋጥም፥ ከውስጥ አንድ ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ መቆሙ ይታወቃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን በጃንዋሪ 25 ቀን 2003 ዓ.ም. የደረሰው ነው። በዚያን ቀን ስላመር የተባለው ትል የማይክሮሶፍትን ኤስኪውኤል ሰርቨር አጠቃ። የትሉ አካል በሙሉ 376 ባይት ብቻ ስለ ነበረ በአንድ ጥቅል ውስጥ ይገባ ነበር። የሚሄደውም ዩዲፒ በተባለው መንገድ ወደ 1434ኛው በር ነው፤ ዩዲፒ ደግሞ አስቀድሞ ሰላምታ መለዋወጥን አይጠይቅም። ስለዚህ ትሉ በቤቱ ሰው ይኑር አይኑር አልጠየቀም፤ መልስም አልጠበቀም፤ አድራሻ እንደ ዕጣ እያወጣ ራሱን ወረወረ እንጂ። ለጥቃት ከተጋለጡት ከመቶው ከ90 የሚበልጡት በ10 ደቂቃ ውስጥ ተያዙ፤ ጠቅላላው ከ75 ሺሕ አያንስም። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ግን ከስድስት ወር በፊት በጁላይ 2002 ወጥቶ ነበር። ፋየርዎሉ ወደ 1434 የሚሄደውን የከለከለለት ኮምፒዩተር ከዚህ መንገድ ዳነ፤ ከልክሎ «አይቻልም» ቢልም፥ ከልክሎ ዝም ቢልም ልዩነት የለውም። የክርክሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው እንላለን። መከልከልና መሰወር ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ሲሆኑ፥ በአንድነት ስለሚነሡ የአንዱ ክብር ለሌላው ተሰጠ።

የመሰወር ደጋፊዎች ዝምታው መርማሪውን በመጠበቅ ያደክመዋል ይላሉ። ይህ ለቀድሞዎቹ መሣሪያዎች እውነት ነው። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. በሚሺጋን ዩኒቨርስቲ የተሠራው ዚማፕ እያንዳንዱን መልስ ቆሞ ሳይጠብቅ ስለሚልክ፥ በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ ፈጣን መስመር አንዱን በር በአይፒቪ4 የኢንተርኔት አድራሻዎች ሁሉ ላይ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ለማንኳኳት ችሏል። በዝምታው ይልቁን የተቸገረው ሌባው ሳይሆን ወዳጅ ነበር፤ አንዳንድ የፖስታ ሰርቨሮች የላኪውን ማንነት ለማጣራት ወደ 113ኛው በር ተመልሰው ይጠይቁ ነበርና። ዝግ ነው ከተባሉ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ዝም ከተባሉ ግን የተወሰነው ጊዜ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ።

ሆኖም ጥቅሙን ጨርሰን አንክድም። ጠላት የሌላውን አድራሻ ሰርቆ ቢያንኳኳ፥ ዝም የሚል ኮምፒዩተር ለንጹሑ ሰው ያልጠየቀውን መልስ አይልክበትም። ኤስኤስኤችን ከ22ኛው በር ወደ ሌላ ያዛወረ አስተዳዳሪም መዝገቡ ከብዙ ከንቱ ሙከራ ያርፍለታል። ነገር ግን ኦጉስት ኬርክሆፍስ በ1883 ዓ.ም. ስለ ወታደራዊ ምሥጢር ጽሕፈት ሲጽፍ፥ አሠራሩ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ማምጣት የለበትም ያለው ለበሮቹም ይሠራል። ለሕዝብ ገጽ የሚያቀርብ ሰርቨር 443ኛውን በር ሊሰውር አይችልም፤ ቢሰውረው ደንበኛውም አያገኘውም። የዚያ ቤት ጥበቃ ያለው ከበሩ ጀርባ ቆሞ በሚያዳምጠው ፕሮግራም ላይ፥ ማስተካከያውም በወጣበት ሳምንት ተጭኖ እንደ ሆነ ላይ ነው።