ቆጣሪ የሌለው ዲሽ

ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ሆናችሁ አዲስ አበባን ቁልቁል ብታዩ ከቤቱ ይልቅ ዲሹ ነው ዓይን የሚገባው። የቆርቆሮ ጣራው ላይ ዲሽ፣ የኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ዲሽ። በኔ ሰፈር ግን አንዳንዱ ዝጓል፣ ሌላው በንፋስ ዞሮ ግድግዳ እያየ ቆሟል። «ለምን አታሠሩትም?» ስትሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ዩቲዩብ አለ አይደል እንዴ!»

ይኼ ነገር በኛ አልተጀመረም። የአሜሪካኖቹን ታሪክ ካየን በኋላ የራሳችንን ብናስተያይ ግን አንድ የማይገጥም ነገር እናገኛለን።

በአሜሪካ ኬብል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ተራራ የከለላቸው ከተሞች ሥርጭት አልደርስ ሲላቸው ኮረብታ ላይ አንድ ትልቅ አንቴና ተከሉና ከሱ ወደየቤቱ ሽቦ ሳቡ። ሽቦው የገባለት ቤት በየወሩ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ኤችቢኦ ፕሮግራሙን በሳተላይት ማሠራጨት ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጣቢያው በዛ፣ ሂሳቡም አብሮ አበጠ። ሰውዬው አሥሩን ለማየት መቶውን ይገዛል። እንግዲህ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2007 ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት ሲጀምር ብዙው ሰው በኬብሉ ሂሳብ ተማርሮ ነበር። ኒልሰን የተባለው የተመልካች ቆጣሪ ድርጅት እንደዘገበው በሐምሌ 2022 በኢንተርኔት የሚታየው 34.8 በመቶ ደርሶ የኬብሉን 34.4 በመቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ። በግንቦት 2025 ደግሞ ኬብሉንና መደበኛውን ሥርጭት አንድ ላይ ተደምረው በለጣቸው። ልብ በሉልኝ፤ አሜሪካዊው ሽቦውን የቆረጠው በዋናነት ከወርሃዊ ክፍያ ለመሸሽ ነው። ዛሬ ለአምስትና ስድስት ድርጅት ለየብቻ እየከፈለ «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚልም አለ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። ባለቀለም የሆነው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን ነበር። ለረጅም ዘመን ጣቢያው አንድ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤትም በመንደሩ አንድ ሁለት ነበር። ሰፈሩ ተሰብስቦ ያያል፤ ልጆች መሬት ላይ፣ አዋቂ ወንበር ላይ።

ኋላ ዲሽ መጣ። መጀመሪያ የባለገንዘብ ዕቃ ነበር፤ ውሎ አድሮ ቆርቆሮ ቤት ላይም ወጣ። በአረብኛ የግርጌ ጽሑፍ የአሜሪካ ፊልም የሚያሳየው ኤምቢሲ 2 አረብኛ የማያውቀውን ቤት ሁሉ ያዘ። በ2000 ዓ.ም. ኢቢኤስ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ድራማ በአማርኛ የሚያናግረው ቃና መጣ። በ2012 ዓ.ም. አካባቢ የአገር ቤት ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ዲሽ ሠሪው ከጣራ ጣራ ሲዘል ከረመ። ምን አለፋችሁ፣ ለዲሹ፣ ለሪሲቨሩና ለዲሽ ሠሪው አንዴ ከከፈላችሁ በኋላ የሚጠይቃችሁ የለም። ወርሃዊ የሚከፍለው ዲኤስቲቪ ያስገባው ነው፤ ኳስ ወዳዱም ቢሆን ማሳያ ቤት ሄዶ የመግቢያ ከፍሎ ይገላገላል። የቀረው ሰው ዲሽ ቆጣሪ አልነበረውም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ገባ፣ በነሐሴ 2010 የኢንተርኔት ታሪፍ ቀነሰ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ጀመረ። ጣቢያዎቹም ፕሮግራማቸውን ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ ይጭኑ ጀመር። ጥቅሙን አልክድም። በሥራ ያመለጠው ድራማ ማታ ይገኛል፤ ዋሽንግተን ያለች እህትና አዲስ አበባ ያለች እህት አንዱን ክፍል አይተው በስልክ ይከራከሩበታል። ግን አሜሪካዊው ከሂሳብ ሲሸሽ እኛ ሂሳብ ወደሌለበት ቤታችን ሂሳብ አስገባን። የአንድ ሰዓት ድራማ በመካከለኛ ጥራት እንኳ ግማሽ ጊጋ አካባቢ ይበላል። ዲሽ ላይ አሥር እንግዳ ቢጨመር ወጪው ያው ነው፤ በየስልኩ ሲታይ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቆጣሪ አለው።

ቆጣሪው የማንን ወንበር እንደወሰደ እንይ። በየቤቱ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች አሉ። ሪሞቱ ላይ ሁለት ሦስት ቁልፍ ለይተው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ የሚወዱትን ያገኙ ነበር። ዛሬ መተየብ፣ የይለፍ ቃል ማስገባት፣ ጥቅል መግዛት ተጨምሮበታል። «እስቲ ያን ነገር ክፈትልኝ» ብሎ ልጅን መለመን መጣ። ልጁም «ጥቅሌ አልቋል እማዬ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ሪሞቱ የቤቱ ነበር፤ ጥቅሉ ግን የልጁ ነው።

ሌላም አለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማም ቆየ። ዲሽ ያለው ቤት ግን ጣቢያዎቹን ሲያይ ሰነበተ። በ2009 ዓ.ም. በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መመሪያ ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከት ተከልክሎ እንደነበር የምናስታውስ ነን። ክልከላው ተመልካቹ ላይ ያረፈው ሥርጭቱ ከውጭ፣ በሰማይ በኩል ስለሚመጣ ነው። የሳተላይት ሥርጭትም ይታወካል፤ ቢሆንም እንደ ኢንተርኔቱ አገር ውስጥ ባለ አንድ ቁልፍ ድርግም አይልም።

ይህን የምለው ዩቲዩብ አትዩ ለማለት አይደለም፤ እኔም አያለሁ። ግን አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ለማን ይሠራ እንደነበር መጠየቅ ደግ ነው። ዲሽ ሠሪ ጠርቶ ማስተካከል የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ ለእናት ግን የሙሉ ዓመት ምሽት ነው። ስለዚህ ዲሹን አውርዳችሁ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አማክሩ። በተለይ ስልክ የሌለውን።