ከእርዳታ እህል ወደ ሴፍቲኔት፦ የሐይቅና የአምባሰል የድጋፍ ታሪክ

ሐይቅ የተሁለደሬ፣ ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናቸው፤ ሁለቱም ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። የአካባቢው ገበሬ ኑሮ በበልግና በክረምት ዝናብ ላይ የቆመ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ለችግረኛው ቀድሞ የሚደርስለት ዘመድና ቅሬው ነበር። ቅሬ በወሎ የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር ሲሆን፣ በብዙ ቀበሌ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ ያስተዛዝናል። ችግሩ ሁሉን ቤት ሲመታ ግን ጎረቤትም ለጎረቤት የሚያካፍለው ያጣል።

የ1964 ክረምትና የ1965 በልግ ሲከሽፉ የሆነው ይኸው ነው። ርሃብተኛው ወደ መንገድ ዳርና ወደ ከተሞች ጎረፈ፤ መንግሥት ግን ጉዳዩን ሸሸገ። ጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ጥፋቱን ለዓለም አሳየ። በዚያው ዓመት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ።

በመጠለያ በኩል ደግሞ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ትርፍ የከተማ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቀበሌዎች ያዙ፤ የቀበሌ ቤትም ለከተማ ድሃ ዋና መጠለያ ሆነ። የገጠሩ ሰው ይህን ዕድል አላገኘም። የአቅመ ደካማው ጎጆ ሲያዘም የሚያቀናለት የመንደሩ ደቦ ነበር።

ረሃቡ በ1977 ሲመለስ መንግሥት ከወሎ ብዙ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና መተከል አሰፈረ፤ ብዙዎቹም ያለ ፈቃዳቸው ሄዱ። በቅርብ ዓመታት ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች ደግሞ ሐይቅ አካባቢ በሚገኘው የጃሪ መጠለያ ጣቢያ ተጠልለዋል።

በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር የእርዳታውን አሠራር ለወጠ። ከዚያ በፊት እርዳታ የሚጠየቀው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነበር፤ በአዲሱ አሠራር ግን ዘወትር እህል ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች በየዓመቱ ለስድስት ወር የታወቀ ክፍያ ተመደበ። መሥራት የሚችል ቤተሰብ በአንድ አባል ስሌት በወር አምስት ቀን እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል። አምስት ነፍስ ያለው ቤት 25 ቀን ይሠራል፤ በነፍስ 15 ኪሎ ሲታሰብ በወር 75 ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኝ ገንዘብ ይቀበላል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጧሪ ያጡ ሰዎች በቀጥታ ድጋፍ ያለ ሥራ ይከፈላቸዋል። ነፍሰ ጡሮችም ከጉልበት ሥራ ነጻ ይሆናሉ። ተረጂውን የሚመርጠው የቀበሌው ሰው ራሱ በኮሚቴ ነው፤ ማን ምን እንዳለው የሚያውቀው እሱ ነውና።

በ2007 የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጸደቀ፤ የከተማ ሴፍቲኔትም በ2009 ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። ሆኖም የሴፍቲኔት ዋና ድጋፍ እህልና ገንዘብ ነው እንጂ የአቅመ ደካማው ቤት አይደለም። ወሎ ከረሃቡ የተማረው ድጋፍ በጊዜው ካልደረሰ ዋጋ እንደሌለው ነው። መጠለያም እንደ እህሉ ሁሉ በታወቀ በጀትና በታወቀ ጊዜ ሊሰጥ ይገባዋል።