ላሊበላና አምስቱ አዕማደ ምሥጢር

በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተራሮች መካከል የሚገኙት 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአገራችንም ሆነ በውጭ አገር ስማቸው የታወቀ ነው። ስለ አሠራራቸው ድንቅነት ብዙ ተጽፎአል፤ ብዙም ተነግሮአል። እኛ ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ያሰናዳነው አጭር ጽሑፍ ግን አለቱ እንዴት እንደ ተፈለፈለ ከመናገር አልፎ ስለ ምን እንደ ተፈለፈለ ለመግለጽ ይሞክራል። አሳባችንም ይህ ነው፤ አባቶቻችን በጉባዔ የሚያስተምሩትን የሃይማኖት መሠረት ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ እንኳ በእግሩ እየሄደ፣ በዓይኑ እያየ፣ በእጁም እየዳሰሰ ሊማረው የሚችልበት ስፍራ ላሊበላ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ

የአክሱም መንግሥት ከደከመ በኋላ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ደቡብ ዞሮ የዛጔ ነገሥታት በላስታ ከተሙ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነገሠ። ከተማዋ ቀድሞ ሮሐ ትባል ነበር፤ ኋላ ግን በንጉሡ ስም ተጠራች። ትውፊቱ እንደሚነግረን፣ ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበውት ስለ ታዩ ስሙ ላሊበላ ተባለ። አብያተ ክርስቲያናቱንም ሲያሠራ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ይሠሩለት ነበር ይባላል። የጥንት ቅርስ መርማሪዎች በበኩላቸው የድንጋዩን ሥራ አይተው ሁሉም በአንድ ዘመን እንዳልተሠሩ ያስረዳሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ዴቪድ ፊሊፕሰን፣ አንዳንዶቹ ከንጉሡ ዘመን ብዙ አስቀድመው ተጀምረው እንደ ነበር ጽፈዋል። ትውፊቱ ሕዝቡ ለሥራው የሰጠውን ክብር፣ ምርምሩም የሥራውን ቅደም ተከተል ያሳየናልና የታሪክ ተማሪ ሁለቱንም አስተውሎ መስማት ይገባዋል።

ሥራው የተሠራው ከላይ ወደ ታች ነው። ጠራቢዎቹ መጀመሪያ ቀዩን አለት ዙሪያውን ቈፍረው ከተራራው ለዩት፤ ከዚያም በሩንና መስኮቱን ከፍተው ውስጡን ፈለፈሉት። ግንበኛ ቢሳሳት ያበላሸውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ የአለት ጠራቢ ግን አንድ ዓምድ ቢያጎድል የሚተካው የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ ሲጽፍ፣ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ መስጋቱን ራሱ ገልጾአል።

ቅድስት አገር ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ1187 በሳላዲን እጅ ወደቀች። መንገዱም ሩቅና አስጊ ስለ ነበረ ብዙ ተሳላሚ በበረሃ ይቀር ነበር። ንጉሡም ሕዝቡ በአገሩ ሆኖ ይሳለም ዘንድ ሁለተኛይቱን ኢየሩሳሌም ሠራ ይባላል። ስለዚህ በላሊበላ ወንዙ ዮርዳኖስ፣ ተራራው ደብረ ዘይት፣ ቤቱም ጎልጎታና ቤተ ልሔም ተብሎ ይጠራል።

አምስቱ አዕማድ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖትን ፍሬ ነገር በአምስት ክፍል ታስተምራለች። እነርሱም ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቍርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ናቸው። አዕማድ የተባሉት፣ ዓምድ ቤትን ደግፎ እንደሚያቆም እነዚህም ሃይማኖትን ደግፈው ስለሚያቆሙ ነው። የቃሉን ትርጕም ማየት የሚወድ ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለም ይግባ፤ ከ11ዱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ቤት በውስጥም በውጭም በረድፍ በቆሙ ዓምዶች የተያዘ ነው።

የመጀመሪያው ምሥጢር፣ እግዚአብሔር በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት፤ በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በሥልጣን ግን አንድ መሆኑን ያስተምራል። መምህራን ይህን ሲያስረዱ አንዲቱን ፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት አላት ብለው ይመስላሉ። በጎልጎታ በኩል በሚገኘው፣ እንዲሁ በማይገባበት በቤተ ሥላሴ ደግሞ ከአንዱ አለት የወጡ ሦስት መናብርት ጎን ለጎን ቆመዋል። ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ግልጥ ምሳሌ አይገኝም።

ሁለተኛው፣ ወልድ ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም ሰው ሆኖ መወለዱን ያስተምራል። ቤተ ክርስቲያናችን ተዋሕዶ መባልዋም በዚህ ትምህርት ነው፤ መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ አንድ ሆኑ ትላለችና። ስለዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን የተደረገውን ጉባዔ አልተቀበለችም። በላሊበላ ይህ ትምህርት በዜማ ይሰማል። የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ካህናቱ ከፊሉ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ከፍተኛ አለት ላይ፣ ከፊሉ ደግሞ ከታች በግቢው ቆመው ቤዛ ኵሉን እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ያው ዕለት የንጉሡም የልደት በዓል ስለ ሆነ ተሳላሚው ከየአገሩ፣ ብዙውም ቀናት በእግሩ ተጕዞ ይመጣል።

ሦስተኛው ምሥጢረ ጥምቀት ነው። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቀው ልጅነትን ያገኛሉ፤ አንገታቸው ላይ የሚታሰረው ማዕተብም የዚህ ምልክት ነው። በላሊበላ ዮርዳኖስ ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ምድብ ይለያል፤ ከመካከሉም ከአለቱ የተፈለፈለ መስቀል ቆሞ ይታያል። በቤተ ማርያም ግቢ ያለውን ኵሬም መካን ሴቶች ልጅ ለማግኘት ተስለው ይጠመቁበታል።

አራተኛው ምሥጢረ ቍርባን ነው። ምእመን በየነፍስ አባቱ ፊት ንስሐ ገብቶ፣ 18 ሰዓት ጾሞ የጌታን ሥጋና ደም ይቀበላል። ቅዳሴውም ያለ አምስት ልዑካን፣ ማለት ያለ ሁለት ቀሳውስትና ያለ ሦስት ዲያቆናት አይቀደስም። ለቍርባን የሚሆነው ኅብስት የሚሰናዳበት ቤት በማናቸውም ደብር ቤተ ልሔም ይባላል፤ ትርጓሜውም የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ይህ ስም በላሊበላም ከምሥራቁ ምድብ መካከል ይገኛል።

አምስተኛው፣ ሙታን ሁሉ እንደሚነሡ ያስተምራል። በጎልጎታ የንጉሡ መቃብር እንዳለ ይነገራል፤ በአቅራቢያውም የአዳም መቃብር የሚባል አለ። በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ በገደሉ ግድግዳ በተፈለፈሉት ጕድጓዶች የጥንት ሰዎች አፅም ዛሬም ይታያል። በሌላው ምድብ ደግሞ የሲኦል ምሳሌ ነው የሚባል ጨለማ የምድር ውስጥ መንገድ አለ፤ ተሳላሚው እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ በጨለማው እየዳሰሰ ይሄድና በመጨረሻ ወደ ብርሃን ይወጣል። ያንን መንገድ የሄደ ሕፃን ስለ ትንሣኤ የሚሰጠውን ትምህርት በቶሎ የሚረሳው አይመስለንም።

ሃይማኖት በኑሮ

ትምህርቱ በድንጋይ ብቻ አልቀረም፤ በላስታ ሕዝብ የዕለት ኑሮ ውስጥም ገብቶአል። አብያተ ክርስቲያናቱ የተሰየሙባቸው ቅዱሳን የወሩ ቀኖች ናቸው። ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መርቆሬዎስ በ25፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ አማኑኤል በ28 ይውላሉ። ገበሬው ቀጠሮ ሲይዝ «በጊዮርጊስ ማግሥት» ይላል፤ ጎረቤቱን ጠርቶ ዝክር ሲያወጣ ወይም የማኅበሩን ጽዋ ሲጠጣ ቀኑን በዚሁ ይቈጥራል። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይን ጾም 55 ቀን፣ በነሐሴም የፍልሰታን 15 ቀን ይጾማል። ጾሙም ከሥጋና ከወተት መከልከል ብቻ እንዳይደለ፣ ለድኻ መመጽወትና ከተጣሉት ጋር መታረቅ እንዳለበት ካህናቱ ያስተምሩታል።

የእኛ ድርሻ

ይህ ሁሉ ሀብት ከአደጋ ውጭ አይደለም። የዝናም ውሃ አለቱን ሲሸረሽረውና ሲሰነጥቀው ኖሮአል፤ ስለዚህ የዓለም ቅርስ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1978 ከተመዘገቡት ከእነዚህ ቤቶች በአንዳንዶቹ ላይ የብረት መጠለያ እ.ኤ.አ. በ2008 ተሠራ። የቤተ መድኃኔ ዓለሙ አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ነበር፤ ከቤልጅግ የተመለሰው በ2001 ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምትም ጦርነት እስከ ከተማዋ ደረሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከተማዋ ደጋግማ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። እንዲያም ሆኖ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 ቀን ቤዛ ኵሉ እንደ ልማዱ በቤተ ማርያም ተዘመረ።

ድንጋዩን ከዝናም መጠለያ ይጠብቀዋል፤ የተሰረቀውንም መስቀል መንግሥት ተከራክሮ ያስመልሰዋል። ትርጓሜው ግን የሚጠበቀው ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ብቻ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን በላሊበላ ፊት ቆመን ፎቶግራፍ እናነሣለን፤ በበሩ ላይ የቆሙት አረጋዊ ካህን ግን ስለ ምን ሦስት መንበር እንዳለ፣ ስለ ምን ወንዙ ዮርዳኖስ እንደ ተባለ ሊነግሩን ሲችሉ ሳንጠይቃቸው እናልፋለን። እንዲህ ያሉት አባቶች ሳይጠየቁ ካለፉ፣ ልጆቻችን የሚያገኙት ባለቤቱ የማይታወቅ ባዶ ቤት ይሆናል።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች፣ ወደዚያ የመሄድ ዕድል ስታገኙ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ከደረሳችሁም ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ጻፉ። ወላጆችም የምታውቁትን ንገሩን። ሃይማኖታቸው ሌላ የሆነ ጓደኞቻችንም ቢሆኑ ይህ የአገራቸው ታሪክ ነውና ከእኛ ጋር ቢያጠኑት ደስ ይለናል፤ ወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር የኖሩበት አገር መሆኑን አንዘነጋም። አባቶቻችን አለቱን ጠርበው አስረክበውናል፤ የቀረው ትርጓሜውን ተምሮ ለተከታዩ ትውልድ ማስረከብ ነው። ለዚህም እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጠን።